ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ

«ለእሷማ አልሰጥም፤ ጥራዝ ነጠቅ ናት» ሲል ሰማሁት። ተናጋሪው ወንድሜ ነው፤ የሚነግራት ለሚስቱ ነው፤ «እሷ» የተባልኩት እኔ ነኝ። የእነሱን መኝታ ቤት ከእኔ የሚለየው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ሹክሹክታቸው ከጩኸታቸው ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ ሲጮሁ አንዱ ባንዱ ላይ ይናገራል፣ ሲያንሾካሹኩ ግን ተራ ይጠብቃሉ። «እቤት ውስጥ ጠራዥ እያለች ለሌላ ሰው ከፍለህ ልታሠራ ነው?» አለችው። «ገልጣ ማንበብ ትጀምራለቻ!» «ሲነበብ ያልቃል እንዴ?» አለችው። የወንድሜ ሚስት መጽሐፍ የምታነሳው አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነው፤ ስለ መጽሐፍ የተናገረችው ሁሉ ግን እስካሁን ልክ ሆኖ ነው ያገኘሁት። እኔ በወዲህ በኩል ፀጉሬን እያሰርኩ ስድቡን አገላብጬ አየሁት። ጥራዝ ነጠቅ የሚባለው ሳይማር የተማረ የሚመስል፣ ከዚህም ከዚያም ቀንጭቦ የሚያወራ ሰው ነው። ለሌላው ሰው ስድብ ነው፤ ለእኔ የሥራ መደቤ ነው። መጽሐፍ መጠረዣ ቤት ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ከተማ የሚታተም መጽሐፍ ዳኛውም ፕሮፌሰሩም እጅ ከመግባቱ በፊት በእኔ እጅ ያልፋል፤ ሲያልፍ ደግሞ እነጥቃለሁ፤ አሥራ ስድስት ገጽ ከዚህ፣ አሥራ ስድስት ገጽ ከዚያ። መጀመሪያውን ሳላውቅ መሀሉን፣ መሀሉን ሳላውቅ መጨረሻውን ያነበብኩት ብዛቱን እኔ ነኝ የማውቀው። ወንድሜ ይሄ ንባብ አይባልም ይላል። እኔ ደግሞ ሰውን የምናውቀውም እንዲሁ ከመሀሉ ጀምረን ነው እላለሁ፤ ለራሴ ነው የምለው፣ እሱ ፊት ሲሆን ምላሴን አሳርፋለሁ።

«ለእሷማ አልሰጥም» ያለው መጽሐፍ ለወንድሜ ልዩ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት መንገድ ዳር ከተዘረጋ ሸራ ላይ ገዝቶት፣ አንብቦ ከጨረሰበት ቀን ጀምሮ ሰውየው ሰላም የለውም፤ ከእሱ የሚተካከል ቀጣይ መጽሐፍ ይፈልጋል። ሳሎን ባለ መስታወት መደርደሪያ አለ፤ በውስጡ አርባ ሦስት ልቦለድ ተደርድሯል፤ አርባ ሦስቱም ገጽ ሃያ አካባቢ ላይ የአውቶቡስ ቲኬት ጣልቃ ገብቶባቸዋል። «ጀምሬው ነበር፤ ግን አይደለም» ይላል፣ የሞተች ሚስቱን ፎቶ በኪሱ ይዞ ሙሽራ እንደሚመርጥ ሰው። የዚያኑ ደራሲ ሌሎች ሦስት መጻሕፍት ሳይቀር ገዝቶ «ሰውየው እዚያ ላይ አልቆበታል» ብሎ ፈርዶበታል። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት መጽሐፉ ይቀርባል። በመጽሐፉ ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ባለ ሰባት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ አላት፤ ገጽ መቶ ስልሳ ግርጌ ላይ የበሩ ደወል ይጮሃል፤ ሴትየዋ እጇን በልብሷ ጠርጋ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ የበሩን መወርወሪያ ትይዛለች። ወደሚቀጥለው ገጽ ስታልፍ ባሕር ላይ ነህ፤ አንድ የመርከብ ሐኪም አለ፤ ሴትየዋ እስከ መጨረሻው ተመልሳ አትመጣም። «አያችሁ?» ይላል ወንድሜ፣ «ደራሲው አልገደላትም፤ ዝም ነው ያላት። ይሄን ዝምታ የሚደፍር ማን አለ?» እንግዳው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ሻዩ ይመጣል። ይህን ንግግር ከልጅነት ጸሎቴ የበለጠ ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ መጽሐፉን ግን ነክቼው አላውቅም። «እጅሽ ሙጫ ነው» ብሎ ከልክሎኛል። የት እንደምሠራም በደንብ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሰው ሲጠይቀው «ወረቀት ነገር ነው የምትሠራው» ይላል።

ቁርስ ላይ መጽሐፉ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የሚስቱ ፊት ላይ ምንም አይነበብም፤ ባሏን ያሸነፈች ዕለት እንዲህ ነች። «ጀርባው ለቋል» አለኝ ወንድሜ ዳቦውን እየቆረሰ። «ስፌቱም ሳይላላ አይቀርም። ጥሩ ቆዳ አልብሺውና በአሥር ሰዓት ቢሮ አምጪልኝ።» «ሙጫው በአንድ ቀን ላይደርቅ ይችላል፣ ጋሼ።» «ይድረቅ» አለ፤ የክፍል ኃላፊ ስለሆነ ሙጫም የሚታዘዘው ይመስለዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለራሱ እንደሚናገር፣ የዛሬው ነገር ምን እንደሆነ ነገረኝ። መሥሪያ ቤታቸው የንባብ ክበብ አቋቁሟል። የመጀመሪያውን መጽሐፍ የመረጠው እሱ ነው፤ በቅርቡ እንደገና ስለታተመ አሥራ አምስት ተገዝቶ ለአባላቱ ታድሏል፤ እሱ የራሱ ስላለው አልወሰደም፤ አንድ ወር ተሰጥቷቸዋል። ዛሬ ይወያዩበትና ቀጣዩን ይመርጣሉ። «አሥራ አምስት ሰው እኮ ነው» አለኝ። «ይሄን መጽሐፍ ከልቡ የወደደ አንድ ሰው ካለ፣ ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበውን ያውቃል። አንዱ ይነግረኛል።» እንዲህ ሲል ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን ነገር ልቀልድበት ፈልጌ ቀልዱ አልመጣልኝም። ዳቦዬን ነክሼ ወጣሁ።

መጠረዣ ቤታችን አንድ ረጅም ክፍል ነው፤ በአንድ በኩል የብረት መጭመቂያው፣ በሌላው ትልቁ መቁረጫ፣ መሀል ላይ አራት ሴት የምንሰፋበት ጠረጴዛ። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ግድግዳ ስለሆነ ማንም ሥራውን ትቶ ወደ ውጭ አያይም፤ ባለቤቱ ይህን አስቦ ነው የተከራየው ይባላል። ዋናውን ጠራዥ ከኋላው «ሙጫው» እንለዋለን፤ ሁለት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሚያላቅቀው የለም። ፊት ለፊት «አለቃ» ነው የምንለው። የወንድሜን መጽሐፍ አሮጌ ልባስ ገፍፌ፣ ስፌቱን በመላጭ በጥሼ፣ እጥፎቹን አንድ በአንድ ለያየኋቸው። መጽሐፍ ሲሰፋ ከአሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እጥፎች ነው የሚሰበሰበው፤ የየእጥፉ ጀርባ ያልቃል፣ በስስ ወረቀት ይጠገናል፣ ልጥፉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። በመጠበቂያው ጊዜ ዓይን ሥራ ፈት ነው። ወንድሜ ልክ ነበር፤ ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

ሴትየዋ ከጠበቅኋት በላይ ሆነችብኝ። ወንድሜ በንግግሩ ሁሉ አሳዛኝ መበለት አድርጎ ነው የሚያቀርባት፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ግን ነገረኛ ናት። የባሏ ዘመዶች ከቤቱ ሊያስወጧት ከሩቅ ተሰብስበው ሲመጡ፣ ጠበቃቸውን ጨምራ ሰባቱንም ክፍል አከራየቻቸው፤ እነሱ ሊነቅሏት እየመከሩ በየጠዋቱ የአልጋ ይከፍሏታል። ሳቄን ለመደበቅ ሁለት ጊዜ አስነጠስኩ። «ጉንፋን ከያዘሽ ወዲያ ዙሪ» አለችኝ አጠገቤ የምትሰፋዋ። አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት ሰዓት አለፈ፤ ሌሎቹ ሴቶች ስለ ቤት ኪራይ መጨመር ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ አንዱን እጥፍ ጠግኜ ሌላውን እነጥቃለሁ። አሥረኛው እጥፍ መጨረሻ ላይ ደወሉ ጮኸ። ሴትየዋ እጇን ጠረገች፣ ደረጃውን ወረደች፣ መወርወሪያውን ያዘች። አሥራ አንደኛውን አነሳሁ። «ባሕሩ በሦስተኛው ቀን ጸጥ አለ» ይላል። እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ መቶ ጊዜ ተነግሮኛል። ሆኖም ግን በጨለማ ደረጃ ሲወርዱ የሌለ ደረጃ እንደረገጠ ሰው ሆንኩ። ይሄ ዝምታ አይደለም። ሴትየዋ ዝም አላለችም፤ አፏን የያዛት ሰው አለ። እጥፉን ገልብጬ ጀርባውን አየሁት።

አንባቢ የማያየው ነገር እዚያ አለ። በየእጥፉ ጀርባ፣ መርፌ በሚገባበት ቦታ፣ ማተሚያ ቤቱ ለጠራዥ ብሎ አንድ ፊደልና ቁጥር ያትማል፤ ከተሰፋ በኋላ ስለሚሸፈን ለዘላለሙ ይቀበራል። የሴትየዋ እጥፎች ከአንድ እስከ አሥር ንጉሡ ሠ ነው ያለባቸው። ሐኪሙ ያለባቸው፣ ከአሥራ አንድ ጀምሮ፣ እሳቱ ሰ ናቸው። ከበጠስኩት ክር ውስጥ ቋጠሮዎቹን ፈልጌ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። «አለቃ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?» አልኩት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው። «ወደ ግራ ነው የታሰረው፤ የግራኝ ነው። እዚህ ቤት ደግሞ ግራኝ አንቺ ነሽ።» ትንሽ ቆይቶ «አሃ» አለ። «ሁለቱ ልቦለዶች! አንቺ አዲስ የገባሽ ጊዜ። መጠናቸው አንድ፣ ወረቀታቸው አንድ፣ አሳታሚያቸው አንድ። አንዱን በንጉሡ ሠ አንዱን በእሳቱ ሰ ለዩልን።» «አንተ ከዚያ ጥግ ሆነህ ‹ከአሥራ አንድ ወዲያ ያለውን ሰ አምጪ› ትላለህ።» «ታዲያ ሰ አምጪ ነዋ ያልኩሽ።» «የትኛውን ሰ?» «ንጉሡን!» «ንጉሡን አላልክም። ሰ ነው ያልከው። አፍ ላይ እኮ ሁለቱም አንድ ነው።» «ንጉሡን ከእሳቱ የማይለይ ሰው ምን ሊሠራ ጥረዛ ይገባል?» አለና መሳቅ ጀመረ፤ ሲስቅ ወንበሩም አብሮት ይንጫጫል። እውነቱን ነው። ፊደል የለቀምኩት ከወንድሜ ደብተር ጀርባ ነው፤ ትምህርት ቤት የሄደው እሱ ነበር። መልካቸውን አንድ በአንድ ለይቻለሁ፤ ቅጽል ስም እንዳላቸው ግን የሚነግረኝ አስተማሪ አልነበረኝም። «ስንቱን እንዲህ አድርገሽው ይሆን?» አለኝ። «አንድ እቅፍ ነበር፤ አሥራ ሁለት ይሆናል።» «እንግዲህ አሥራ ሁለት ሰው በዚህ ከተማ ያቺን ሴት እየፈለገ ይዞራል» አለና ዓይኑን ጠረገ።

እኔም ሳቅሁ፤ መጀመሪያ ላይ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ያንን የታሪክ እጥፋት የሠራውን ሰው ሲፈልግ ኖሯል። ቃለ መጠይቅ አንብቧል፣ የደራሲውን ሌሎች መጻሕፍት በርብሯል፣ አርባ ሦስት ልቦለድ ገዝቶ አርባ ሦስቱንም በዚያ ሚዛን መዝኖ ጥሏል። የሚፈልጋት ሰው ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ እግሯን አጥፋ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትልጥለት ነበር። ይህን ሐሳብ እንደ ከረሜላ ወዲያና ወዲህ እያደረግሁ ምሳዬን በላሁ፤ እንዲህ የጣፈጠኝ ምሳ የለም። ሻይ ስጠጣ ነው አሥራ አምስቱ መጻሕፍት ትዝ ያሉኝ። አዲስ የታተሙት፣ ትክክለኞቹ። ዛሬ በአሥር ሰዓት ወንድሜ አለቃውና ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ስለ መርከቡ ሐኪም ሊሰብክ ነው፤ በማንም መጽሐፍ ውስጥ ሐኪም የለም። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ደወልኩለት፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው። እንደገና ስደውል ጭራሽ አላነሳም። ሚስቱ ጋ ደወልኩና ነገሩን በሁለት ቃል ነገርኳት። «በስልክ ብትነግሪው ያምንሻል?» አለችኝ። «አያምነኝም።» «እንግዲያው ይዘሽለት ሂጂ። ደግሞ ጠጋ ብለሽ በጆሮው ንገሪው፤ ሰው ፊት እንዳይሆን።» መጽሐፉን እንደነበረው መልሼ ሰፋሁት፤ የጎደለው ግማሽ ከእኔ ዘንድ የለም፣ የት እንዳለም አላውቅም። ቡናማ ቆዳ አለበስኩት፤ መጭመቂያ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆየ፤ እርጥብ ቢሆንም ቅርጹን ያዘ። ከሠራኋቸው ሁሉ ቆንጆው እሱ ነው፤ ይህንንም የምለው እያፈርኩ አይደለም።

የስብሰባው ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ በየሰው ፊት አንድ የታሸገ ውሃና አንድ መጽሐፍ፣ ግድግዳው ላይ ባለፈው ዓመት ላይ የቆመ የቀን መቁጠሪያ። ወንድሜ በር ላይ ተቀበለኝ፤ መጽሐፉን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ቆዳውን አሸተተና «እሰይ» አለ። ከእሱ አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበር አንድ እርምጃ ዘገየሁ። «ጋሼ፣ ሳትጀምር አንድ ነገር ልንገርህ።» «በኋላ።» «በኋላ አይሆንም፤ ስለ መጽሐፉ ነው።» «ስለ መጽሐፉ አንቺ ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?» አለና ሳቅ ብሎ፣ ትከሻዬን ይዞ ግድግዳው ሥር ካለ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። «ቁጭ በይና አድምጪ፤ ይጠቅምሻል።» አድምጪ ካለኝ አደመጥኩ።

ተናገረ። ሴትየዋን ተናገረ፣ ደወሉን ተናገረ፣ ገጽ መቶ ስልሳ ላይ ሲደርስ ድምፁን ቀነሰ። እኔ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ «የምን ሐኪም?» የሚል ድምፅ ከየት በኩል እንደሚመጣ እጠብቃለሁ። ሲጨርስ ዋናው ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን የያዘኝ» አለ፣ «ሐኪሙ ነው።» አፌ ተከፈተ። «ብቸኝነቱ! እኛ ኃላፊነት ላይ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን።» የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ቀጠለ፤ «ዝምታው ነው ለእኔ። ሴትየዋን ትቷት ሲሄድ፤ ኧረ እሱስ ከባድ ነው።» እጁን መጽሐፉ ላይ ጭኖ ነው የሚናገረው፤ የመጽሐፉ ላስቲክ ገና አልተቀደደም፤ መዳፉ ሥር ይንኮሻኮሻል። የግዥ ክፍሏ ወይዘሮ «እኔ አልቅሻለሁ» አለች። «የቱ ጋ?» አላት አንዱ። «ሐኪሙ ጋ ነዋ።» በዚህ ዓይነት ጠረጴዛውን ዞሩት። ወንድሜ ለዓመታት በየሻይ ቤቱ የነገራቸውን ለራሱ መልሰው እየነገሩት ነው፤ እሱም እያንዳንዱን በፈገግታ እየተቀበለ፣ ሳይታወቀው እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል። ትንፋሼ ተመለሰ። አልተነካም፤ አንድም ሰው አላነበበውም። መጽሐፉን ይዞ፣ ዝምታውን ይዞ፣ ክብሩን ይዞ ወደ ቤት ሊገባ ነው፤ ከእኔ የሚጠበቀው ምላሴን ማሳረፍ ብቻ ነው፤ በእሱ ደግሞ ልምድ አለኝ።

«ይቅርታ» የሚል ድምፅ ከጠረጴዛው ጫፍ መጣ። ከምድር ቤት የመጣች የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ሹራቧ እጅጌ ላይ የመዝገብ አቧራ ያለባት። የእሷ መጽሐፍ በየመሀሉ ብጣሽ ወረቀት ተሰክቶበት እንደ ነፈረ ባቄላ አብጧል። «እኔ ሐኪሙን አላገኘሁትም» አለች። ሳቅ ሆነ፤ ክፋት የሌለበት፣ የጠገበ ሰው ሳቅ። «እንዴት አላገኘሽውም?» አለ ወንድሜ። «ሦስት ጊዜ ፈለግሁት፤ የለም። ሴትየዋ በሩን ትከፍታለች፣ ከዚያ...» «አትከፍትም።» «ትከፍታለች።» «እሱ እኮ ነው ነገሩ፤ አለመክፈቷ!» አለና ወደ ሌሎቹ ዞሮ ፈገግ አለ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ የሚያጽናናት መስሎት፣ «እህቴ፣ ልቦለድ መዝገብ አይደለም፤ በቁጥር ተፈልጎ አይወጣም። ጥራዝ ነጠቅ ንባብ ለፈተና ይሆናል፤ ለዚህ አይሆንም» አላት። ኃላፊው «ገጽ ጎድሎበት ይሆናል» ብሎ ምሕረት አደረገላትና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ እንለፍ አለ። ልጅቷ ብጣሽ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች፤ እየነቀለች ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ ገጾቹን ደግማ ታያለች፣ ራሷን ጠርጥራ። ከአሥራ አምስቱ ሰው መጽሐፉን ያነበበችው እሷ ብቻ ናት፤ ዓይኗን መጠራጠር የጀመረችውም እሷ ብቻ። ይህን ያደረግሁባት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ቀድሜ፣ በአንድ ፊደል።

«ልጅቷ ልክ ናት» አልኩ። ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደቆምኩ አላውቅም። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ኃላፊው «እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ። «ጠራዥ ነኝ። የእሱ እህት።» ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚህ በኋላ መመለስ ስለሌለ ጠረጴዛው ጋ ሄጄ የልጅቷን መጽሐፍ ተቀበልኳት፣ የወንድሜን ከፊቱ አነሳሁት፣ ሁለቱንም ገጽ መቶ ስልሳ አንድ ላይ ገልጬ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። አንዱ ላይ ባሕር፣ አንዱ ላይ በር። የሆነውን ነገርኳቸው፤ ሁለቱን ልቦለዶች፣ የአለቃን ጩኸት፣ ሁለቱን ሰ። «ንጉሡ ሠ!» አለ ኃላፊው በደስታ፤ በዚያ ከሰዓት ከተነሳው ነገር ሁሉ በእርግጥ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነበር። ስለ ሐኪሙ የተናገረ ሰው ሁሉ የገባው እኩል ነው፤ በምን እንዳለቀሰ፣ ማንን እንዳደነቀ የጠየቀ ግን የለም። የሒሳቡ ሰውዬ «የእኔም ቅጂ እንደዚያኛው ሳይሆን አይቀርም» አለና ላስቲኩን ይዞ ጠረጴዛ ሥር አስገባው። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። የቀጣዩ መጽሐፍ ምርጫ ለሚመጣው ወር ይተላለፍ፣ እስከዚያ ሁላችንም ይሄንኑ እንደገና እናንብበው አለ። «እንደገና» የምትለዋን ቃል እንዴት እንደተሻሟት! ውሃቸውን እየያዙ ወጡ።

ወንድሜ አልተነሳም። ሁለቱን ገጾች ያያል፤ አንዳቸውንም አይነካም። ልጅቷ መጽሐፏን ለመውሰድ እጇን ዘርግታ፣ ፈርታ መለሰችው። በመጨረሻ የራሱን፣ ቆዳ የለበሰውን፣ ዘግቶ አቀበላት። «ሐኪሙን ታገኚዋለሽ» አላት። ከወንድሜ አፍ ይቅርታ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚመስለው፤ ለማያውቀው ሰው መጽሐፍ ማዋስ ይመስላል። «ደግ ሰው ነው?» አለችው። «በጣም።» «ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም?» ትንሽ አሰበና «አይናገርም» አለ። እሷ የራሷን ለእኔ ዘረጋችልኝ። «አንቺ የት ደርሰሻል?» «በሩ ጋ።» «በይ እንግዲህ ዛሬ እራት አትበይም። ሰኞ ግን መልሺልኝ፤ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ፈርሜበታለሁ።»

አውቶቡስ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ወንድሜ መስኮቱን ያያል፤ ሱቆቹ ያልፋሉ፣ ከሥራ የወጣ ሰው በየጥጉ ይጋፋል። አይቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣው መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሦስት ዓይነት። ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ «ያ እጥፋት» አለ፣ ወደ መስኮቱ እንዳየ፣ «የማንም አልነበረም ማለት ነው?» «የእኔ ነበር» አልኩት። ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን መቀመጫው አንገጫግጮት አላወቅሁም። እኔ ከዚህ በላይ መታገስ አልቻልኩም። ጭኔ ላይ ገጽ መቶ ስልሳ አንድን ገለጥሁ። መወርወሪያው ተነሳ፤ በሩ ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ትከሻዬ ላይ ትንፋሹ ተሰማኝ፤ አንገቱን አስግጎ ያነብባል። «የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው» አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ በር ጀርባ ሞትንም ፍርድንም ውቅያኖስንም አቁሞ የኖረ ሰው ነው፤ በሩ ሲከፈት የቆመው ደብተርና እርሳስ የያዘ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆነ። «ከፋህ?» አልኩት። «ዝም በይ፤ እያነበብኩ ነው።» ሴትየዋ ቆጣሪ አንባቢውን ከውጭ አላስቀረችውም፤ የባሏ ዘመዶች በየክፍላቸው ስንት ባልዲ ውሃ እንደሚያፈሱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላት አስገባችው። አጠገቤ «ህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሳቅ ነበር። ገጹን ልገልጥ ስል «ቆይ» አለኝ። ጠበቅሁ። እንደገና ላነሳው ስል «ቆይ አልኩሽ እኮ።» ዞር ብዬ አየሁት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጣቱን ከመስመሩ ሥር አድርጎ፣ ቃል በቃል እያነሳ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ነው የሚያነበው፤ እንደ ልጅ ነው የሚያነበው። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ስኖር፣ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። የገጹን ጫፍ በአውራ ጣቴ ይዤ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። ፌርማታችን ቀስ ብሎ መጣና አለፈ፤ እሱ አላየውም፣ እኔም አልነገርኩትም።